የኤግዚቢሽኑ በረንዳ

መርካቶ ከጨርቅ ሱቆቹ ፊት ለፊት አንድ የጣሊያን ጊዜ አዳራሽ ነበር። ዱሮ ዕቃ ለትርዒት ይደረደርበት ስለነበር ሁላችንም ኤግዚቢሽኑ እንለዋለን። በደርግ ጊዜ የእህል መጋዘን ሆኖ ኖረ። እኔ የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በረንዳው ላይ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያው ቁጭ ብዬ።

ከማዶ ጨርቅ የሚሸጥ ወዳጅ ነበረኝ። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ሊሰግድ ሲሄድ ሱቁን እጠብቅለታለሁ። ቤቱ ድግስ ሲኖር ደግሞ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ የሚቀርበውን በግ ባርኬ የማርደው እኔ ነኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንደቆየ አዳራሹ ለመስጊድ ተሰጠ። ወዳጄም ኮሚቴ ገባ። እኔም ደስ አለኝ፤ ነቀዝ ከሚፈነጭበት ጸሎት ይደረግበት አልኩ። ስለ በረንዳው ብጠይቀው፣ «አንተ ከግድግዳው ጋር የተሠራህ ነህ፤ ማን ይነቅልሃል?» ብሎ ሳቀ።

አዳራሹ ሲሠራ ወደ መካ አልዞረም። ምንጣፉ በሰያፍ ተነጠፈ፤ የሴቶቹ መጋረጃም እሱን ተከትሎ ካሰቡት በላይ ረዘመ። ያን መጋረጃ በነጻ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስቆርጥ ወዳጄ ጫፉን ይዞልኝ ያወጋኝ ነበር።

መጋረጃው በተሰቀለ ማግስት የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ መኪናዬ ሥር በኖራ አሰመረ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አልነገሩዎትም እንዴ? ለሶላት የሚታጠቡት እዚህ ነው። ኮሚቴው ከወሰነ ቆየ እኮ።»

ለካስ የተወሰነው ጨርቁ ሳይለካ ነው።

ቦታውስ ይሁን። ሳይታጠቡ አይሰገድም፤ ቢነግረኝ ኖሮ መኪናዬን ራሴ አነሳ ነበር። የቆረቆረኝ ያን ጫፍ የያዘው እጅ ነው።

ለምረቃው ቀን በግ እንዳርድ ሊጠራኝ ራሱ መጣ፤ እንደ ልማዳችን። ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ፣ «መጋረጃው እስኪያልቅ ብዬ ነው» አለኝ።

በጉን ባርኬ አረድኩ፤ እንግዶቹ ምን በደሉኝ? ከሥጋው ግን አልቀመስኩም። ቢላዬን ጠርጌ መኪናዬን ጋሪ ላይ ማሰር ጀመርኩ። ገመዱ አልደርስ ሲለኝ ወዳጄ አይቶ መጣና፣ ጫፉን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አልኩት።