ኩፍ ያለ እግር

ችግሩ የጨው ነበር። ዳቦ ገዝተው የሚሄዱ ደንበኞች አንድ ሰሞን እየመለሱ ያመጡት ጀመር። አንዱማ ግማሹን ገምጦ የተረፈውን የመሸጫው መስታወት ላይ እያስቀመጠ፣ «በባሕር ውሃ ነው እንዴ ያቦካችሁት?» አለ። ሻጯ ስቃ አሳለፈችው። ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ሲላት ግን ወደ ጓዳ ዘልቃ ጋጋሪውን ጠራችው።

«ጋሽ እፍኙ፣ ኧረ ይቺን ነገር ይቅመሱልኝ!»

እፍኙ የሚል ስም የወጣለት ጨው በሚዛን ለክቶ ስለማያውቅ ነው። በእፍኙ ይዘግናል፣ ያቦካል፣ ከሊጡ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ያኖራል፤ ካነሰው ይጨምራል። በዚህ ሥራ ሲያረጅ ምላሱ አሳፍሮት አያውቅም። የተመለሰውን ዳቦ ቆርሶ ቀመሰ። ጭራሽ አልጫ ሆነበት።

«ምላሳቸውን ይታጠቡ!»

«እነሱ ምላሳቸውን እስኪታጠቡ እኛ ከደንበኛ እንጸዳለን፣ ጋሽዬ። እትዬም ሰምተዋል፤ ጣዕሙ ካልተስተካከለ ሌላ ጋጋሪ እፈልጋለሁ ብለዋል።»

እትዬ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት። ስለዚህ ሥራዬ ብሎ ችግሩን ማደን ያዘ። መጀመሪያ ጨዉን ጠረጠረና ሌላ ከረጢት አስከፈተ። ቀጥሎ ዱቄቱን፣ ከዚያ ውሃውን ለወጠ። ዳቦው ግን ያው ነው። ሁሉንም የፈተነው በዚያው በአንዱ ምላስ መሆኑ ትዝ አላለውም። አንፍረድበት፤ ሚዛኑ የተዛባበት ሰው መዛባቱን በራሱ በሚዛኑ እንዴት አድርጎ ይደርስበታል?

የሚገርመው፣ ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ አይቷቸዋልም። ያያቸው ግን በጋጋሪ ዓይን ነው። ሽንቱ ቶሎ የማይከስም አረፋ ይዞ ነበር። እርሾ ካረፋ ሕያው ነው፣ ካላረፋ ሞቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲያይ የኖረ ሰው አረፋ አይቶ ምን ብሎ ይደንግጥ? ጠዋት ጠዋት ራሱን ሲፈልጠው ደግሞ በምድጃው ሙቀት ያሳብብና የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። ጉልበቱን ሲያመው ሌላ ይደግማል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ላስቲኩ እግሩ ላይ ቦይ መቅደዱን ሚስቱ አየች። ጎንበስ አለችና ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«አንተ! ይሄ ምንድነው?»

ሊጥ መድረሱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ለምድጃ ደርሷል።

«ኩፍ ብያለሁ ማለት ነዋ! በይ ወደ ምድጃ አስገቢኝ።»

አልሳቀችም። «እኔ ያገባሁት ሰው እንጂ ሊጥ አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። የደም ግፊቱን ለካች፤ ቁጥሩን አላመነችውም መሰል ጥቂት አሳርፋው ደገመችው። መቶ ዘጠና በመቶ አስር። ደምና ሽንት አስመረመረች።

«አባባ፣ ግፊት እንዳለብዎት ተነግሮዎት ያውቃል?»

«ድሮ አንድ ፋርማሲ ለክተውኝ ከፍ ብሏል ብለው ነበር። ግን ምንም አልተሰማኝማ!»

«እሱማ አይሰማም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።»

የሚሰማውንና የሚውጠውን አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ውጤቱ ሲመጣ በእርጋታ አስረዳችው። ኩላሊት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ። ደም ለዓመታት በኃይል ሲገፋቸው እየተጎዱ ይደድራሉ። የተጎዳ ወንፊት መያዝ የሚገባውን ያሾልካል፤ አረፋው የሾለከው ፕሮቲን ነው። መውጣት የሚገባውን ጨውና ውሃ ደግሞ ያስቀራል፤ ያን ጊዜ እግር ያብጣል፣ በደም ሥር የሚሄደው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱም ይብስበታል። የባሰው ግፊት ዞሮ የቀሩትን ወንፊቶች ይመታል። ክፋቱ እንዴት ያለ ነው! አንዱ ሌላውን እየቀለበ ሁለቱም ይፋፋሉ። ሳይጣራ በደም ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላስ ጨው ይጨምራል፤ ጨዉ ግፊቱን። በየጠዋቱ የሚውጠው ማስታገሻም ኩላሊቱን ሲጎዳው ነው የከረመው።

«ታዲያ የቱ ቀደመ? ኩላሊቱ ነው ግፊቱ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። ግፊቱ ሳይቀድም አልቀረም። አሁን ግን ተያይዘዋል፤ አንዱን ትተን ሌላውን ማከም አንችልም።»

«ይድናል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የሞተው አይመለስም፣ አባባ። ከኩላሊትዎ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ቀርቶልዎታል። የምንታገለው እሱን ለማቆየት ነው። እሱም ከሄደ የኩላሊት እጥበት ነው።»

ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደጃፋቸው ሲደርሱ፣ «አረፋውን አይቼው ነበር እኮ» አለ። ሚስቱ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፉን ትፈልግ ነበር።

አሁን የግፊት መድኃኒቱን ይውጣል፤ ማስታገሻውን ትቷል። ዳቦ ቤት ውስጥ ጨው የሚለካው በሚዛን ነው፤ የሚቀምሰውም እሱ ሳይሆን ሻጯ ናት። የደንበኞቹ ዳቦ ተስተካክሏል፤ እትዬም ዝም ብለዋል። እሱን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከሚበላው አብዛኛው ዳቦ ነውና፣ እሱም የሚበላው፣ ሰውም ወዶ የሚገዛው ጨው የቀነሰ ዳቦ ለመሥራት ይሞክራል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ እርሾን ልጓም የሚያስገባው እሱ ነው። ሲያንስ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቸኩሎ ያብጣል፣ ምድጃ ሲገባ ይሟሽሻል። የመጀመሪያው እንደ ተቀመጡበት ኮፍያ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እርሾውን ቀንሶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቡክቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያሳድረዋል።

ዛሬ የወጣውን ሻጯ ቆርሳ ረጅም ጊዜ አላመጠች።

«ምን ልበልዎት፣ ጋሽዬ… ዳቦ ነው። የሆነ ነገር ግን ጎድሎታል።»

«ብዙ?»

«ትንሽ።»

እሱም ቆረሰና አፉ ውስጥ አኖረው። ለእሱ ምላስ ወረቀት ነበር።

«ትንሽ ከሆነ…» አለና ለሚቀጥለው ሊጥ ቀዝቃዛውን ውሃ ይለካ ጀመር።