ሽርጥ የለበሰው ሞተር

ጭራሽ የማይነሳ ሞተር አያስቸግረኝም። የሚያናድደኝ እኔ ስደርስ ጤነኛ የሚሆነው ነው። ገጠር ጀልዴሳ ያለችው ሴትዮ የውሃ ፓምፕ እንደዚያ ነበር።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ከከዚራ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው የአጎቴ ጋራዥ ሥራ ጀመርኩ። ቁጭ ብሎ መዋል አይሆንልኝም፤ ገጠር የሚሄድ ሥራ ሲመጣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሽንኩርት ማሳውን ብቻዋን ይዛለች። ፓምፑ ግን ቀትር ላይ እየጋለ ይጠፋባታል። ሽንኩርቱ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። የባሏ ወንድሞች ደግሞ ይሄ ምርት ከከሸፈ መሬቱን እኛ እናርሰዋለን ብለዋታል።

ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው፤ ፋኑ ከጎን ባለው አፍ አየር ይስብና ወደ ሲሊንደሩ ይነፋል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ መከለያውን ፈትቼ የተጋገረውን አቧራና ገለባ ጠረግኩ፤ ዘይቱንም ቀየርኩ። አስነሳሁት፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንኳ አልጋለም። በነጋታው ደወለች፤ ጠፍቷል። ተመልሼ ሄድኩ፤ ደህና ነው።

«አንቺን ይፈራል» አለ አጎቴ እየሳቀ። «እዚያው ተቀጠሪለት።»

«ቀልዱን ተው አቦ! ሽንኩርቱ እየሞተ ነው።»

አስቤ አስቤ አንድ ነገር ገባኝ። ሁልጊዜ ደውዬ ነው የምሄደው። እንግዳ ይመጣል ሲባል ደጁ ይጠረጋል፣ ዕቃው ይሰበሰባል። ሞተሩም ለእንግዳ ተሰናድቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ሳልደውል ሄድኩ። ፓምፑ ጉድጓዱ አጠገብ ያጓራል። ላዩ ላይ በውሃ የራሰ ሰማያዊ የወንድ ሽርጥ ተደርቧል። ከጭስ ማውጫው አርቃዋለች፤ ጠርዙ ግን የፋኑ አፍ ላይ ተለጥፏል። ዓይኔ እያየ የሞተሩ ድምፅ ከበደ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የባሌ ነው» አለች። «ፀሐዩን እንዲከልልለት። እሱም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ምሳ ሳመጣ ሞተሩን ሁልጊዜ ይሄን ለብሶ ነው የማገኘው።»

«ሞተሩ እየሠራ?»

የሽርጡን ጠርዝ ከፋኑ አፍ ላይ ላጥ አደረገች።

«ያጠፋው ነበር» አለች። «ወላሂ፣ ድምፅ አልነበረም። እናወራ ነበር።»

እኔ ነገር ማለዘብ አላውቅበትም። «ሽርጡ ነው ያነቀው» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«እናቴ፣ ሲያርፍ ይልበስ። ሲሠራ ራቁቱን ይሁን።»

«ራቁቱን!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ሽርጡን አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት። ሞተሩ እስኪበርድ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እኔም ለአንዴ ቁጭ ማለት ቻልኩ። ከዚያ ገመዱን ስቤ አስነሳሁት። ውሃው ቦዩን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። እስክሄድ ድረስ አልጠፋም።

ሽንኩርቱ በተነቀለበት ቀን ላግዛት ሄጄ ነበር። የባሏ ወንድሞች ስለ መሬቱ ምንም ሳይተነፍሱ ጆንያ ይሸከማሉ። የተነቀለለትን መደብ ለቀጣዩ ተከላ ስታጠጣ ቆይታ፣ ምሳ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋችው፤ ሽርጡን አለበሰችውና አጠገቡ ተቀምጣ በላች። ስትጨርስ ሽርጡን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ተነስታ ገመዱን ራሷ ሳበች።