የተሸካሚው ሁለተኛ ደም

በሪሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ሰቆጣ ሆስፒታል ተመድቦ ሲመጣ ጠጉሩ ጥቁር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ደም ሲቀዳ ኖሮ፣ ሸብቷል፤ ስድብም ለምዷል። በዚያ በደጉ ዘመን የተማረበት መጽሐፍ፣ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም ፕሮቲን ይለቃል ይል ነበር፤ ያኔ የነበረው ምርመራ ግን የትከሻውን ጡንቻ ከልቡ አጥርቶ አይለይም ነበር። ዛሬ ትሮፖኒን የሚባለውን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ለይታ የምታሳይ፣ ጣት የምታህል መመርመሪያ አለችው።

አንድ ረፋድ ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ ምጥ የጠናባት ሴት በወሳንሳ ተሸክመው መጡ። ሴቲቱ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ምንዋጋው ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ።

«መች ጀመረህ?» አለው በሪሁን።

«አሁን፣ አቀበቱን ስንጨርስ።»

«ወሳንሳው የፈጨው ትከሻ ነው» አለ አለቃቸው ትእዛዙ። «ቅባት ይበቃዋል።»

በሪሁን ደም ቀድቶ መረመረ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ሁለተኛዋ የምትወጣው የልቡ ፕሮቲን ሲገኝ ነው።

«እንግዲህ ደኅና ነው» አለ ትእዛዙ።

«ገና ነው። ልብ ሲጎዳ ፕሮቲኑ ወዲያው ደም ውስጥ አይታይም። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተን ደግሜ ልቅዳ።»

«ደግሞ? አንቱ ሰውዬ፣ ከሰው ነው ከፍየል የሚቀዱ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ምንዋጋው ግን ተነሣ። በአገራቸው ተሸካሚ አብሮ ሄዶ አብሮ ይመለሳል፤ የቀረ እንደሆነ፣ ሸክም ከበደው ተብሎ በየማኅበሩ መሳቂያ ነው።

«ከነሱማ አልቀርም» አለ፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

በሪሁን መለመኑን ተወው። ውጭ የተጋደመውን ወሳንሳ እየጎተተ ላቦራቶሪው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። ወሳንሳው የቀበሌው ሁሉ ነው፤ ጥለውት አገር ቤት ቢገቡ መልስ የላቸውም።

አንቱታው እዚያው ቀረ። «ሽማግሌ ሌባ! በሩን ነቅለን እናወጣዋለን።»

«ንቀሉታ። እሱ ግን አይሄድም።»

ሦስቱንም ሰዓት በሩ ላይ ተቀምጠው ሲሰድቡት ዋሉ። ምንዋጋውም በሪሁን ካስተኛው አልጋ ላይ ሆኖ አብሯቸው ተሳደበ፤ ኋላ ግን ድምፁ እየሰለለ ሄደ። በሪሁን እጁን ይዞ ደግሞ ቀዳው። ሁለተኛዋ መስመር ቀላ ብላ ወጣች።

«ልቡ ተጎድቷል።»

የሚስቅ ጠፋ። ሐኪሟ እፀገነት መድኃኒት ሰጥታ፣ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል የሚወስደውን አምቡላንስ ጠራች።

«ስሜን አጠፋኸው» አለ ምንዋጋው፣ ወደ በሪሁን ሳያይ። «ሸክም ጣለው ሊሉኝ ነው።»

ትእዛዙ ጋቢውን ሰብስቦ አምቡላንሱ ውስጥ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ። «አገር ቤት ስትገቡ» አለ ለቀሩት፣ «ትእዛዙም ቀርቷል በሉ። የሚስቅ ካለ በኔ ይሳቅ።»

ከዚያ፣ ወሳንሳውን አውጥቶ ለሰዎቹ ወደ መለሰላቸው በሪሁን ዞረ። «ከአንተ ጋር ግን ገና አልተጨራረስንም።»

«ተመልሰህ ና» አለው በሪሁን፤ የአምቡላንሱንም በር ዘጋው።