ለአራት ወር ቆይታዬ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቢስቲማ

ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ የተነሳሁት አማቴን አንድ ወረቀት ላይ ለማስፈረም ነው። ሲወራ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔም ማታውኑ እመለሳለሁ ብዬ ጎሚስታ ቤቴን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ ቅያሪ ሸሚዝ እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። ከሦስት ዓመት በፊት እህቴን ለመጠየቅ ካናዳ ሄጄ ነበር። የተፈቀደልኝ ስድስት ወር ሲሆን የተመለስኩት በአሥረኛው ወር ነው። አራቱን ወር ያለ ፈቃድ የተቀመጥኩት ሥራ ፍለጋ አልነበረም። እዚያ የምትኖር ዘሃራ የምትባል የቢስቲማ ልጅ ወደድኩ፤ አባቴ ከኮምቦልቻ ሽማግሌ ይዘው አባቷ ዘንድ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ መልሱን ሳልሰማ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም አልኩ። አባቷ ሸህ ይመር እንደ ደንቡ በመጀመሪያው ቀን እሺ አላሉም። «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብለው ከመውሊድ በኋላ ቀጠሩ። ከመውሊድ በኋላ ሲሄዱ ማሽላው ይታጨድ አሉ። ማሽላው ሲታጨድ አጎቷ ከመንገድ ይመለስ አሉ። በአራተኛው እሺ አሉና እኔም በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ።

ባለፈው ዓመት ዘሃራ መጥታ ኒካህ አሰርን። ዘንድሮም ለእረፍት መጥታ ነበር፤ አሁን እዚያ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፣ እኔ በትዳር ቪዛ አመልክቼ እዚህ ጎማ እለጥፋለሁ። ኤምባሲው የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ ጻፈልኝ። ባለቤትህ የቆየኸው የአባቷን መልስ ስትጠብቅ እንደነበር ገልጻለች፤ ለአንድ መልስ አራት ወር የሚጠበቅበትን ምክንያት በማስረጃ አስረዳ ይላል። ማስረጃው እስከዚህ ዓርብ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል፤ ልጄም ያለ እኔ ይወለዳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ምክር በመጠየቅ ጨርሼዋለሁ።

ደሴ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ብርድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ፒያሳ ትኩስ ፉል በልቼ ነፍሴ መለስ ሲልልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ተስፋዬ ዘንድ ሄድኩ። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ታይፕራይተራቸውን ዘርግተው ለደሴ ሕዝብ ሲያመለክቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ነገሬን ሰምተው ሳይጨርሱ ወረቀት አስገቡ። ታይፎይድ እንበለው አሉ፤ በታይፎይድ ብዙ ሰው አትርፌያለሁ ብለውም አጽናኑኝ። ሚስቴ እውነቱን ቀድማ እንደተናገረች ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እኔን ሳታማክር ለምን እውነት አስነገርካት?»

ጥቂት አሰቡና ወረቀቱ የግድ የራሳቸው የሸህ ይመር ቃል መሆን አለበት አሉ። አማች ደግሞ አማቱን ፊት ለፊት «ለምን አቆዩኝ» ብሎ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ታይፕራይተሩን ለጎረቤት ሱቅ አስረክበው፣ የወረቀት ጥቅልና ሁለት እስክሪብቶ ይዘው ተከተሉኝ። ዋጋቸውን ስጠይቅ ትራንስፖርትና ምሳ ይበቃል አሉ። እኔም አንድ ምሳ መስሎኝ ነበር።

ቢስቲማ፣ ያው ሰኞ

በሐይቅ በኩል ዞረን፣ መኪናው እስኪሞላ ጠብቀን፣ አቧራ ለብሰን ከሰዓት በኋላ ገባን። ሸህ ይመር ውሃ አስታጠቡን፤ የማሽላ እንጀራ በእርጎ ቀረበ። ከበላን በኋላ ጋሽ ተስፋዬ ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልክ ልጅ እንደሚጠይቅ ሽማግሌ ጉዳዩን ዘርዝረው አቀረቡ። ሸህ ይመር እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ።

«መልካም» አሉ። «ተመካክረን እንነግራችኋለን። ሐሙስ ኑ።»

ከየት እንደምንመጣ ግራ ገባን። የምናድረው እሳቸው ቤት ነው። ልሂድ ብል ደግሞ የሚሰማኝ አልነበረም፤ የእሳቸው እንግዳ እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። ጋሽ ተስፋዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ኤምባሲው ማስረጃ ከፈለገ ሰውዬውን ራሳቸውን መላክ ይበቃ ነበር አሉ።

ረቡዕ፣ ማሳ ላይ

ማክሰኞ እንዲሁ አለፈ። ረቡዕ ምሳ ላይ ለጋሽ ተስፋዬ ማንም ሳይጠይቅ ሽሮ ለብቻ ቀረበ፤ ጾማቸው መሆኑን ቤቱ ያውቃል። እሳቸውም ልባቸው ራርቶ ማማት አቆሙ። እኔ ግን አልቻልኩም። ዓርብ እየመጣ ነው፤ ሰውዬው ግን እንደ ልማዳቸው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ተነስቼ ጫት ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ሰይድ፣ ያን ጊዜ አራት ወር ያቆየሁህ ለደንቡ ብቻ አይደለም፣ ወላሂ። እሺ ካልኩ ልጄ እዚያው ትቀራለች ብዬ ነው። እሺ አልኩ፣ ቀረች። አሁን ደግሞ ፈርም የምትሉኝ አንተን ልሰድድ ነው። በየዒዱ ልትጠይቀኝ እዚህ በር ላይ የምትቆመው አንተ ነበርክ።»

አልሄድም እንዳልል ልጄ አለ፤ እሄዳለሁ እንዳልል እሳቸው አሉ። በጣም አፈርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌው የሚጫወቱብኝ መስሎኝ ነበር። የከሰዓቱ ሶላት እስኪደርስ አብረን አረም ነቀልን። ሲነሱ ትከሻዬን ይዘው «አብሽር» አሉኝ።

ሐሙስ

ሸህ ይመር ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስቀምጠው ተመካክረናል አሉ። እሳቸው ተናገሩ፣ ጋሽ ተስፋዬ ጻፉ። ጋሽ ተስፋዬ መሐል ላይ «ክቡርነትዎ» የሚል ሊያስገቡ ሲሞክሩ ሸህ ይመር አስቆሟቸው፤ ኤምባሲው የሚያውቀኝ ሰው አይደለም፣ አትለማመጥልኝ አሉ። በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ።

ማህተም ለማስመታት ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠናን። መጥተው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ለኤምባሲ ደብዳቤ ማህተም መትተው እንደማያውቁ ነግረውን፣ እንዳይጎድል ብለው ሦስት ቦታ መቱት።

ዓርብ፣ ደሴ

ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተን ኔትወርኩ ቁጭ ብድግ ሲያሰኘን ቆየ። ስካን እስኪደረግ ደብዳቤውን ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብዬ አነበብኩት።

«ሰይድ ያለ ፈቃድ የቆየው በእኔ ቀጠሮ ነው። በእኛ አገር ልጁን ሲጠይቁት በአንድ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንደጠላ ይቆጠራል። ቅጣት ካለው ለእኔ ይሁን። አሁን ፈቅጃለሁ፣ ይሂድ። ነገር ግን ልጄና እሱ እኔን ለመጠየቅ ሲነሱ እናንተም ብዙ አታቆዩብኝ።»

ጋሽ ተስፋዬ የመጨረሻዋን መስመር ለመተው አስበው እጃቸው እምቢ እንዳላቸው ነገሩኝ። የጁምዓ ሶላት ጥሪ ሲሰማ ወረቀቱ ሄደ።

ኮምቦልቻ

ማታ ስገባ ጎረቤቴ የጎሚስታ ቤቴን ቁልፍ እያቀበለኝ ማታውኑ እመለሳለሁ ብለህ አልነበር ወይ አለኝ። ለአንድ ቀን ሄጄ አምስት ቀን ቆይቻለሁ፤ ለዚህኛው ማስረጃ የጠየቀኝ ግን የለም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር ቀጠሮ የሚያበዛ ሰው ሁሉ ሊያጉላላን እንዳልሆነ ነው። አንዳንዱ እሺ ብሎ ብቻውን መቅረት ፈርቶ ነው።

ቪዛው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። መጀመሪያ ዘሃራን ነገርኳት፤ አለቀሰች። ቀጥዬ ሸህ ይመር ዘንድ ደወልኩ። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ቀጥለው መቼ ነው የምትመጡ ብለው ጠየቁ። «ተመካክረን እንነግርዎታለን» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ልጁ ዓመት እንደሞላው፣ አባባ፣ ይዘንልዎ እንመጣለን» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ተስፋዬ ይጻፈው» አሉ። «ማህተምም ይደረግበት።»