እማማ አይምሉም

እኔ ሳልምል ውዬ አላውቅም። አውቶቡሴ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ «ማርያምን፣ ትራፊኩ ነው!» እላለሁ። ልጄ ሳህኗን ሳታጥብ ከተነሳች «እናቴ ትሙት፣ ስልክሽን እቀማሻለሁ» እላታለሁ። ስልኩን ቀምቻት አላውቅም፤ እናቴም፣ ተመስገን፣ ደህና ናት። ሲያትል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል።

እማማ ይህን ጸባዬን አይወዱትም ነበር። እማማ የምላቸው እዚሁ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ከነቤተሰቡ ሬንተን የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የሚኖረው፤ እሳቸው ግን «ቤተ ክርስቲያኔ ይርቀኛል» ብለው ብቻቸውን መኖር መረጡ። እኔ በማልኩ ቁጥር ፊታቸው ይከፋል።

«ተይ ልጄ፣ እንዲያው ብትነግሪኝም አምንሻለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ አፌ ለምዶ ነው!»

«እሱ ነው የባሰው» ይላሉ።

እዚህ አገር ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዜግነት ግን አፕላይ አድርገው አያውቁም። ልጃቸው ይለምናቸዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይለምኗቸዋል፣ እሳቸው «ቆይ እስቲ» ብለው ያልፉታል። ሁላችንም ፈተናውን ፈርተው ነው አልን። በእድሜያቸውና እዚህ በቆዩበት ዘመን ምክንያት እንግሊዝኛ አይጠየቁም፤ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ፣ ያውም ከሃያ ጥያቄዎች ውስጥ ብቻ ነው የሚፈተኑት። ይህን ሁሉ ነግረናቸው ፍንክች አላሉም።

ከዚያ አዲስ አበባ ያሉት ታናሽ እህታቸው ታመሙ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ቀሩ፤ የሚያገላብጣቸው ጎረቤት ነው። እማማ ሄደው ሊያስታምሟቸው ቆረጡ። ማስታመም ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ተብሎ አይወሰንም። በግሪን ካርድ ሄደው ብዙ ከቆዩ መመለሻው ሊዘጋባቸው ይችላል፤ እዚህ ደግሞ ልጅና የልጅ ልጆች አሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ካላቸው ግን የፈለጉትን ያህል ቆይተው ይመለሳሉ። ሶ፣ አንድ ጠዋት አውቶቡሴ ላይ ወጡና ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ፈተናውን አስጠኚኝ» አሉኝ።

የመስመሬ መጨረሻ ላይ አስር ደቂቃ ያህል እቆማለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው አይወርዱም። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይመልሳሉ። የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ስጠይቃቸው ስሙን በትክክል ጠርተው «ነፍሱን ይማረው» ይጨምሩበታል።

«እማማ፣ ነፍስ ይማር ፈተናው ውስጥ የለም።»

«ለሞተ ሰው ይቀራል እንዴ?»

በአንድ ወር ሁሉንም ጥርግ አድርገው አወቁት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ዘለልኩ፣ መሐላውን። ማንም ሰው የሚወድቅበት ነገር አይደለም ብዬ ነው። እጅ ማንሳት ምን ጥናት ያስፈልገዋል?

ልጃቸው ቤተሰብ ስለሆነ አስተርጓሚ መሆን ላይፈቀድለት ይችላል ተብሎ፣ የቀጠሮው ቀን እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ኢሚግሬሽን ቢሮ አብሬያቸው ገባሁ። ኦፊሰሩ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያወረደ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ እኔን አስማለኝ፦ የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደማስተረጉም። ለእኔ መሐላ ብርቄ ነው? ተናግሮ ሳይጨርስ እጄን አንስቼ «የስ» አልኩት። ከዚያ ወደ እማማ ዞረ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው እውነቱን ብቻ እንደሚናገሩ እንዲምሉ ጠየቃቸው።

ተረጎምኩላቸው። እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«አልምልም» አሉ።

ክው አልኩ። «እማማ፣ እንዲያው ለወጉ ነው እኮ። በሞቴ፣ እጅዎን ብቻ ያንሱ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አንድ ጊዜ አንስቻለሁ፣ ይበቃኛል።» ከዚያ እኔን ትተው ሰውየውን እያዩ ተናገሩ። «አባታችን ሲሞት ለእኔና ለእህቴ ሁለት ክፍል ቤት ተወልን። እኔ አግብቼ ወልጄ ነበርና ጠበበኝ። አባቴ በቃሉ ለእኔ ሰጥቶኛል አልኩ። ምስክር የለም። ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ትማልና ነገሩ ይለቅ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ወስደውኝ፣ እጄን አንስቼ፣ ታቦቱን ጠርቼ ማልኩ። ውሸቴን ነበር። እህቴ ጓዟን ጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም። አሁን የምሄደው እሷ ዘንድ ነው፣ ይህንኑ ልነግራት። እውነቱን እነግርሃለሁ ልጄ፣ ግን አልምልም። ካልሆነም ይቅር።»

ሃያ ዓመት «ቆይ እስቲ» ያሰኛቸው ይህ ነበር።

ኦፊሰሩ እኔን ይጠብቃል። እውነት ለመናገር፣ ልዋሽ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የምንሰማው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። «ደንግጠው ነው፣ እየጸለዩ ነው» ብዬ ብነግረው ማን ያውቅብኛል? በሐሰት ምለው ያውቃሉ ብሎ ፋይሉን ቢዘጋውስ? እህታቸው እንደተኙ ሊቀሩ፣ እማማ እዚህ በጸጸት ሊያልቁ፣ ምክንያቷም እኔ ልሆን! አፌን ከፈትኩ። እማማ ግን እያዩኝ ነበር። ከሁለት ደቂቃ በፊት እጄን ሳነሳም እንደዚሁ ያዩኝ ነበር። አፈርኩ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ምያለሁ፣ ከአንዱም መሐላዬ ጋር ፊት ለፊት ተያይቼ አላውቅም።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። የታቦቱን፣ የጓዙን፣ «ካልሆነም ይቅር» ያሉትን ሳይቀር።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መማል ግዴታ አይደለም» አለ። «ሃይማኖቱ ወይም ህሊናው የማይፈቅድለት ሰው እውነቱን ለመናገር ቃል ከገባ ይበቃል። በመጨረሻው የዜግነት መቀበያ ሥነ ሥርዓትም ላይ እንደዚያው ነው። ቃል ይገባሉ?»

ስነግራቸው እማማ ተገረሙ። «ነገርኩት አይደል እንዴ? ሌላ ምን ቃል ይፈልጋል?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሰውየው ፈገግ አለና ወደ ጥያቄዎቹ ገባ። የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ሲጠይቃቸው ስሙን ጠርተው «ነፍሱን ይማረው» አሉ፤ እኔም ነፍስ ይማሩን ሳልቀንስ አደረስኩ።

አለፉ። ይቺን አንዲት ነገር፣ ሳይምሉም እንደሚቻል፣ ያን ሁሉ ዓመት የነገራቸው ሰው የለም። እኔም አልነገርኳቸው፣ አላውቃትማ! ምን እንደከለከላቸው እንኳ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ፈርተው ነው ብዬ እንደሁሉም ሰው ሳቅኩባቸው እንጂ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፓስፖርታቸው በመጣ በሳምንቱ ሄዱ። ልጃቸው ደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጦላቸው ነበር፤ የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ኤርፖርት ማን እንደሚቀበላቸው ለመነጋገር ኮል አደረግኩላቸው። የመስመሬ መጨረሻ ላይ ቆሜ፣ አውቶቡሱ ባዶ ነበር።

«ነገሯቸው?» አልኳቸው በመጀመሪያ።

«በደረስኩ ማግስት ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«‹ያኔም አውቃለሁ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ› አለችኝ። ከዚያ ‹አሁን ግን ጥለሽኝ እንዳትሄጂ፣ ማዪልኝ› አለች።»

ከፊት ያለውን ባዶ ወንበር በመስታወቱ አየሁት። «እና ማሉላቸው?»

«አልማልኩም» አሉ። «ሻንጣዬን ግን ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብዬ ለጎረቤቷ ሰጠሁት።»

ከኋላ ደከም ያለ ድምፅ ስማቸውን ሲጠራ ተሰማኝ። እማማ «መጣሁ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእህታቸው፣ ስልኩም ተዘጋ።