በጣሳ የጠጣነው ጽዋ

በድርቁ ዘመን ለኪዳነ ምሕረት ማኅበር ያስቀመጥኩትን ሁለት ቁና ገብስ ከጓዳዬ ወለል ሥር ካድሬዎች ቆፍረው አወጡና፣ አሻጥረኛ ብለው መካነ ሰላም ከተማ አሰሩኝ። ያስገቡኝ ከአንድ ባለርስት በተወረሰ ጎተራ ነው። እህል ከገባበት ቆይቷል፤ ግድግዳው ግን ገብስ ገብስ ይሸታል።

እዚያ አንዲት የወረኢሉ ነጋዴ ቀድመውኝ ታስረው ነበር፤ ሙስሊም ናቸው። በሳምንቱ ሦስተኛ ሴት ገባች። ገብሱን የጠቆመችብኝ ጎረቤቴና የማኅበሬ ሰው ናት። ባሏ ከሚሊሺያ ጠፍቶ በእሱ ፈንታ ይዘዋት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የኪዳነ ምሕረት ቀን ደረሰ። ተረኛዋ እኔ ነኝ። እፍኝ የሽምብራ ቆሎና አንድ ጣሳ ውሃ አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩና አባታችን ሆይ ጀመርኩ። ይቅርታው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። በማኅበራችን የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም።

"ምነው ዝም አልሽ? አሚን ልል እየጠበቅኩ እኮ ነው" አሉ ነጋዴዋ።

"የተቀየምኩት ሰው አለ።"

"ያለነው ሦስት ነን። እኔ ካልሆንኩ እሷ ናታ።"

ጎረቤቴ ከጥጉ ተናገረች። "ልጄን አዝዬ ደጅሽ ቆሜ አንድ ጣሳ ገብስ ስለምንሽ የለኝም አልሽኝ። ነበረሽ።"

ነበረኝ። የእመቤቴ ነው ብዬ ከለከልኳት። እስከዚያች ሰዓት ይቅርታ ሰጪዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለማኟ እኔ ነኝ።

"ልጅሽስ?" አልኩ።

"እናቴ ጋ ነው። ተርፏል። ዳዴ ይላል።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። "ማሪኝ።"

"እግዜር ይማርሽ። አንቺም ማሪኝ።"

ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ አስቀድሜ ለእሷ ሰጠሁ። ከእሷ ነጋዴዋ ቢስሚላህ ብለው ተቀበሉና ቀመሱ።

"ጠላችሁስ ቀጥኗል" አሉ።

ሳቅን። ከዚያ እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሦስታችንም አቀለጥነው። ዘበኛው በሩን ደበደበ።

"ምን ተገኘ?"

"ማኅበር ነው። ግባና ቅመስ" አሉት ነጋዴዋ።

ኮቴው ከበሩ ራቀ።

ያ የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ቄስ ነው፤ የማኅበራችንን ዳቦ የሚባርክልን እሱ ነው። ገብሱ ባይወሰድብኝ ኖሮ በድያለሁ ሳልል እሞት ነበር። ስለዚህም ተመስገን እላለሁ። ተራዬ ሲደርስ ዳቦው ከመባረኩ በፊት ወጥቼ ደጄ ላይ የቆመ ሰው እንዳለ አያለሁ።