ገብስ የማያኝከው ማሽን

አያቴ ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው የእህል መደብራችን በር ላይ ተቀምጠው፣ ከሚመጣው ጆንያ ሁሉ አንዲት ፍሬ ገብስ አንስተው በጥርሳቸው ይሰብሩ ነበር። ድምፁን ሰምተው፣ "ይሄ ገና አልደረቀም፤ መልሰው" ይላሉ።

ኮምፒውተሩን ያስገባሁባቸው እኔ ነኝ። ወገዳ ከተማ ያለ ደላላ የእህሉን ፎቶ በኢንተርኔት ይልካል፣ እዚሁ ቁጭ ብለን እንገዛለን አልኳቸው።

"ያንቺ ማሽን ገብስ ያኝካል?" አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

አምና ክረምት በፎቶ ብቻ አንድ መኪና ሙሉ ገብስ ገዛሁ። ስክሪኑ ላይ ያበራ የነበረው እህል መጋዘን ገብቶ ሻገተ። አያቴ አንዲት ፍሬ አኘኩ፣ ውጭ ወጥተው ተፉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ምነው በሰደቡኝ!

ከአርባ ቀን ተዝካራቸው በኋላ አንድ የስማዳ ገበሬ መጥቶ የጆንያውን አፍ ፈታ።

"አያትሽ የሉም እንዴ?"

ነገርኩት። "ነፍሳቸውን ይማር" ብሎ አንዲት ፍሬ ዘረጋልኝ። ነከስኳት፤ ቀጭ አለች። ገበሬው አፍ አፌን እያየ ይጠብቃል።

ድርቅ ያለ ይሁን እርጥብ፣ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ በዚህ እርጉም ስክሪን ላይ ሳፈጥ፣ ምን እንደሚሰሙ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።